መራዊ ደርሶ መልስ

ከባሕር ዳር እስከ መራዊ ያለው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በደኅናው ጊዜ ባሕር ዳር ቁርሱን የበላ ሰው መራዊ ደርሶ ቡናውን ለመጠጣት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር። እኔ ግን ይህችን መንገድ ለመሄድ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። መኪና ታጥቶ አይደለም፤ «ልሂድ» ብሎ መቁረጥ አቅቶኝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራ ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር ደርሼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደውን አስፋልት በሩቁ አይቼ ተመልሻለሁ።

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ሀገረ መንግሥት ግንባታ ስጽፍ የለመዳችሁኝ አንባብያን ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የመንገድ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም። ለምን እንደማልጠራው ደግሞ በዚህ ዘመን ለሚኖር ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ አብረን ተምረናል። እርሱ የሜጫ ገበሬ ልጅ፣ የጂኦግራፊ ተማሪ ነበር። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሀገሬን ከመጽሐፍ የማውቅ፣ ከመጽሐፍ ባወቅሁት ልክ ግን ስለ ሀገር ብዙ የምናገር ልጅ ነበርሁ። አንድ ማታ ስለ ገበሬውና ስለ መሬት ሥሪት ስከራከር ከሰማኝ በኋላ «አንተ፣ ለመሆኑ ገበሬ ቤት አድረህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። በየካቲት 1995 ዓ.ም፣ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ይዞኝ ወጣ።

አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ፍኖተ ሰላም አወረደን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነበር። አስቀድመን ያመራነው ወደ ማንኩሳ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ማንኩሳን ያውቃታል፤ የበዛብህ የትውልድ ቦታ ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም ከታተመ ወዲህ ስንት አንባቢ እንደ እኛ በእግሩ ሊያያት እንደሄደ እንጃ። እኔ የጠበቅሁት ምን እንደ ነበር ዛሬ ሲታሰበኝ ያስቀኛል። አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር አግኝተን፣ ወዳጄ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «አባቴ፣ የበዛብህን ቤት ያውቁታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«የትኛው በዛብህ? በዛብህ የሚባል ብዙ ነው።»

«የቦጋለ መብራቱ ልጅ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እሱስ እዚህ ያለ አይመስለኝም፤ አዲስ አበባ ወርዶ ይሆናል» አሉን። ደራሲው ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልን አንድ ሰዓት ሙሉ በሳቅ ተጓዝን።

ያን ማታ መሸብን። ወዳጄ ወደ አንድ አጥር ተጠግቶ «የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» አለ። ለእኔ ለከተማው ልጅ ይህ ዐረፍተ ነገር ልመና ይመስል ነበር። ልመና እንዳልሆነ የገባኝ ባለቤትዮዋ ውኃ አሙቀው የሁለታችንንም እግር ለማጠብ ጎንበስ ሲሉ ነው። እግራችን ታጠበ፣ እንጀራ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ መደብ ላይ ቁርበት ተነጠፈ። ከየት እንደ መጣንና የማን ልጆች እንደ ሆንን የተጠየቅነው ከበላን በኋላ ነው። ስማችን የተጠየቀው ደግሞ በማግሥቱ ጧት፣ ልንሰናበት ስንል ነበር። «የእግዜር እንግዳ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ግን ማንኩሳ አጠገብ፣ ያቺ ጎጆ ውስጥ ነው።

በማግሥቱ ቡሬ ገባን። ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት፣ በርበሬዋ ገና ከሩቅ የሚያስነጥስ የንግድ ከተማ ናት። ከዚያ በጭነት መኪና ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ በእግር ወደ ሰከላ ወጣን፤ ግልገል ዓባይ ከሚፈልቅበት ከግሽ ዓባይ ደረስን። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ ቆመው «አገኘነው» ብለው ጽፈዋል። የአካባቢው ሰው ግን ውኃው ጠፍቶበት የማያውቅ ስለ ነበር በግኝቱ እምብዛም አልተደነቀም። ለእኛ ከፈረንጆቹ ይልቅ የጣመን የቦታው ትውፊት ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ በንጉሥ ትእዛዝ ሲታሰሩ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው ሲመጡ ውኃው መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳትረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ይህን ታሪክ አንድ የቆሎ ተማሪ ነበር የነገረን። እርሱም እንደ እኛ መንገደኛ ነበር፤ ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድ። ጎጃም ሊቃውንቱን ያፈራው እንዲህ ባሉ በእግራቸው በሚዞሩ ልጆች ነው። ከፈቃድ ወረቀት በፊት እግር ነበራቸው።

ከሰከላ ግልገል ዓባይን በቀኝ በግራችን እያደረግን ወደ ታች ወርደን፣ በዘጠነኛው ቀን መራዊ፣ ከወላጆቹ ቤት ገባን። ወዳጄ በጉዞው ሁሉ አንድ ደብተር ይዞ ነበር። እርሱ ወንዙን፣ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ የገበያውን ቦታ ይሥላል፤ እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለታችንም የፈረምንበት አንድ ዕቅድ ሰፍሯል፤ ዓባይን ከሰከላ ተነሥተን እስከ ሱዳን ድንበር በእግር እንከተለዋለን የሚል። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ እስከ መሸንቲ ድረስ በእግሩ ሸኘኝ። ሽኝት እንዲህ ነበር፤ ሰው እንግዳውን ከደጅ ብቻ አይሸኝም።

ከዚያ በኋላ ኑሮ ለየብቻ ወሰደን። እርሱ የትውልድ አካባቢው ተመልሶ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። እኔ ለትምህርት ከሀገር ስወጣ ደብተሩን «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብዬ አደራ ሰጠሁት። እርሱም «እንደ ግሽ ዓባይ» ብሎ ተቀበለኝ። ተመልሼ ዶክተር ተባልሁ፤ በየስብሰባው ስለ ሀገር መናገርም እንደ ገና ከመጽሐፍ ሆነ። በየዓመቱ አንዳንድ ጊዜ እንገናኝ ነበር፤ ዕቅዱንም «በሚመጣው ዓመት» እያልን ስናሳድር ኖርን።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን፣ ያ አውቶቡስ ባወረደን በፍኖተ ሰላም፣ የድሮን ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪል ተናገሩ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። መርዓዊ ደግሞ በግእዝ ሙሽራ ማለት ነው፤ ወዳጄ ድሮ ከተማውን «ሙሽራው» እያለ ይቀልድበት ነበር። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም፣ በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ፣ በዚያች ከተማ የሆነው ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ማረጋገጡን በየካቲት ወር ገለጸ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የኮሚሽኑ መግለጫ በወጣ በማግሥቱ ተቀምጬ ጽሑፍ ጻፍሁ። ስለ ተጠያቂነት፣ ስለ ዓለም አቀፍ የሰብአዊነት ሕግ፣ ስለ መንግሥት ግዴታ። መጥፎ ጽሑፍ አልነበረም፤ ብዙዎች አመስግነውኛል። ለወዳጄ ግን አልደወልሁለትም። መጀመሪያ ስልክ የለም አልሁ፤ እውነትም አልነበረም። በኋላ ስልኩ መሥራቱን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ያልደወልሁት ስልኩ ባይነሣስ ብዬ ፈርቼ ነው። ቁጥሩን 45 ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ከቁጥሩ ውስጥ አንዱ እርሱ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግን አልቻልሁም። በመጨረሻ ስደውል ድምፁን ሰማሁ። «ደኅና ናችሁ?» አልሁት። «ተመስገን፤ አለን» አለኝ። ሌላ የተባባልነው የለም። ስልክ ላይ ምን ይባላል?

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት አለፈ። በየካቲት 2017 ዓ.ም አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እንድፈትን ተጠርቼ ባሕር ዳር ሄድሁ። በአውሮፕላን እንደ ሄድሁ መናገር አያሻኝም። የአዲስ አበባው መንገድ በሰኔ 2016 ዓ.ም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከታገቱ ወዲህ የአውቶቡስ መንገደኛ በጸሎት የሚጓዝበት መንገድ ሆኗል። ዐርብ ማታ ለወዳጄ ደወልሁና «ነገ እመጣለሁ» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ጧት ና፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ትመለሳለህ» አለኝ። ድሮ «መቼ ትመጣለህ፣ ስንት ቀን ትቆያለህ» ነበር የሚለኝ።

ማታውን ስልኬን ሳጸዳ አመሸሁ። ፎቶ ግራፍ፣ መልእክት፣ የቡድን ወሬ፣ አንድ ሁለት የራሴን ጽሑፎች ጭምር አጠፋሁ። በየመንገዱ ስልክ እንደሚታይ ነግረውኛል። ያን ጊዜ ሕሊናዬን የቆረቆረኝ ጽሑፎቹን መሰረዜ አልነበረም፤ በአደባባይ የምመካባቸውን ቃላት ለ35 ኪሎ ሜትር እንኳ ይዣቸው መሄድ አለመቻሌ ነው።

ቅዳሜ ጧት መናኸሪያ ሄጄ አባዱላ ተሳፈርሁ። ረዳቱ «መራዊ፣ መራዊ!» ይላል፤ ሰው ግን እንደ ድሮው አይጋፋም። ተሳፋሪው ዝም ያለ ነበር። በደጉ ጊዜ የጎጃም ተሳፋሪ ዝም ብሎ አይሄድም፤ መሸንቲ ሳይደርስ የማን ዘመድ እንደ ሆንህ ታውቆ ያድራል። አሁን ከጎኔ የተቀመጡት ሴት እንኳን ከየት እንደ መጣሁ ሊጠይቁኝ፣ ቅርጫታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አልተቀየምሁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በመንገድ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ወረድን። ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ተሰልፎ መታወቂያውን ያሳያል። ከታጠቁት አንዱ፣ ዕድሜው ከተማሪዎቼ የማይበልጥ ወጣት፣ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ጠየቀኝ።

«መራዊ ምን ልትሠራ ነው?»

«ወዳጄን ልጠይቅ።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በምን ተዋወቃችሁ?»

ልዋሽ አልፈለግሁም። «በመንገድ» አልሁ። ወጣቱ አየኝ። በዚህ ዘመን ከዚህ የከፋ መልስ እንደሌለ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «አብረን ተምረናል» ብዬ አረምሁት። መታወቂያዬን መለሰልኝ። ስሜት የሌለው ፊት ነበረው፤ ክፉ ፊት ግን አልነበረም። እርሱም ከአንድ ሩቅ ቦታ መጥቶ፣ የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ የቆመ የሰው ልጅ ነው።

ወዳጄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። «አንተ ዶክተር! በትርህን ጥለህ በመኪና መጣህ?» አለኝ። ትከሻ ለትከሻ ተገናኘን፤ ከተለመደው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርገን። ሁለታችንም ምንም አላልንም። ከመናኸሪያው እስከ ቤቱ ባለው መንገድ የባሕር ዛፍ አጣና ተከምሮ ይሸጣል፤ ባጃጁ ይሯሯጣል፤ ሱቁ ተከፍቷል። ከተማ ይኖራል። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ እኛ ሩቅ ሆነን የምንጽፍ ሰዎች ከተማን ከሞቱ ቀን በኋላ የማየት ልማድ የለንምና።

ባለቤቱ ዶሮ ሠርታ ቆየችን። «አፈር ስሆን ይብሉልኝ» እያለች እንጀራ ስትደራርብብኝ ያቺ ማንኩሳ አጠገብ ያደርንባት ጎጆ ታሰበችኝ። ስለ ቆጋ መስኖ አጫወተኝ። የቆጋ ግድብ ከመራዊ አጠገብ ነው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይዞ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራ። በእኛ ጉዞ ጊዜ ያ መሬት በየካቲት ደርቆ ነበር የተቀበለን። አሁን በጋውን ስንዴና ሽንኩርት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። «ሄደን እንየው እንዴ?» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «ሰዓቱ አይበቃህም» አለኝ። ሰዓቱ እንደሚበቃ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስለ ጥር 20 አልጠየቅሁትም። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ግን ራሱ አነሣው። «ስለዚያ ቀን አልነግርህም» አለኝ። «ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ። እውነት ነው የጻፍኸው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያን ሰሞን ብትደውል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።» ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ተወው፤ እኔም የምነግርህ አለኝ» አለ።

የነገረኝ ስለ ደብተሩ ነው። አቃጥሎታል።

በዚያ ዓመት ቤት ለቤት ፍተሻ በሚባልበት ሰሞን፣ ማታ ላይ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ ደብተሩን አገኘው። ገልጦ አየው። በእጅ የተሣለ ካርታ፣ የድልድይ ምልክት፣ የመንደር ስም፣ ከዚህ እስከዚያ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ፣ ማን ቤት ማደር እንደሚቻል። የሃያ ዓመት ወጣቶች ሀገራቸውን ለማወቅ የጻፉት ነገር፣ በመንግሥት ወታደር ዓይን አንድ ነገር ነው፤ ጫካ ባለው ታጣቂ ዓይን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ዓይን ግን ባለቤቱን የሚያስጠይቅ ነው። «አስብ እስቲ» አለኝ፣ «የጂኦግራፊ መምህር ነኝ ብዬ ካርታውን ላስረዳ ነው?» ምድጃ ውስጥ ገጽ በገጽ እየቀደደ ጨመረው። የመጨረሻዋን፣ የፈረምንባትን ገጽ ሊያስቀር አስቦ ነበር፤ ዓባይንና የሱዳን ድንበርን የሚያነሣ ቃል ስለ ነበረባት እርሷንም ጨመራት።

«ግሽ ዓባይ አደራውን መለሰ፤ እኔ አደራ በላ ሆንሁ» አለኝ። በጨዋታ ሊያስመስለው ሞክሮ ነበር። አልሆነለትም፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም የማውቃቸውን ትልልቅ ቃላት ሁሉ ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝም።

ያዳነን ልጁ ናት። 13 ዓመቷ ነው፤ ቡናውን እያቀረበች ታዳምጠን ነበር። «ምን ነበር የተጻፈበት?» ብላ ጠየቀች። መንገር ጀመርን። ፍኖተ ሰላምን፣ የበዛብህን ቤት ያመለከቱንን ሽማግሌ፣ ያጠቡንን እግር፣ የቡሬን በርበሬ፣ የሰከላን ምንጭ። ቲሊሊ ያደርነው ከጭነት መኪናው ሾፌር ጋር ነው ወይስ ብቻችንን በሚለው ላይ ተከራከርን። እርሱ ያላስታወሰውን እኔ፣ እኔ የረሳሁትን እርሱ እየሞላ ግማሹን ያህል መለስነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቅን።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ግራ ገብቷት ነበር። በሕይወቷ የምታውቃቸው ከተሞች ሁለት ናቸው፤ መራዊና ባሕር ዳር። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ወደ አባቷ ዞራ እንዲህ አለች፦

«በእግር? ዘጠኝ ቀን? ማን ፈቅዶላችሁ?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅቱ ልትነቅፈን አልጠየቀችም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። በእርሷ ዓለም ሰው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው የሚፈቅድለት ሲኖር ነው። እኔ በክፍል ውስጥ በ1987 ዓ.ም የጸደቀውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 አስተምራለሁ፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ ነፃነት እንዳለው የሚደነግገውን። ተማሪዎቼ በፈተና ላይ በትክክል ይመልሱታል። ያቺ ልጅ ግን አንቀጹን ሳታነብ የሀገሯን ሕግ ከኑሮ ተምራዋለች፤ የተማረችውም ተቃራኒውን ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ ከአሥር ወራት በኋላ ጊዜው አብቅቷል። በልጅቱ አእምሮ ውስጥ ግን አላበቃም።

የክልሉ ትምህርት ቢሮ በዚያው በ2017 ዓ.ም ከአራት ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ሲገልጽ ሁላችንም ደንግጠናል፤ መደንገጥም ይገባል። ነገር ግን ትምህርት ቤት ቢከፈት እንኳ አንድ ትልቅ ክፍል ተዘግቶ ይቀራል፤ እርሱም ሀገሩ ነው። አባቷ በሃያ ዓመቱ በእግሩ ያወቀውን ምድር እርሷ በምን ታውቀዋለች? በዜና። ፍኖተ ሰላም ለእርሷ ቦንብ የወደቀበት ስም ነው። ቡሬ መንገድ የተዘጋበት ስም ነው። ለእኛ የሽማግሌ ድምፅ፣ የበርበሬ ሽታ፣ የታጠበ እግር ነበሩ።

ሌላም የተለወጠ ቃል አለ። በደጉ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው «እንግዳ» ይባል ነበር። አሁን በየቀበሌው ማሳሰቢያ «ፀጉረ ልውጥ» ይባላል፤ ሲታይም እንዲጠቆም ይታዘዛል። መንግሥት በኬላ፣ ታጣቂው በእንቅስቃሴ ክልከላ፣ አጋቹ በጫካ፣ ሁሉም በየፊናው መንገዱን ሲካፈሉት፣ በመካከል የሞተው «የእግዜር እንግዳ» ነው። ማን ጀመረው፣ ማን አብዝቶ በደለ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም ጽፌበታለሁ፣ ወደፊትም እጽፍበታለሁ። የሚገድል መንግሥትና መንገድ የሚዘጋ ታጣቂ በሚዛን እኩል ናቸው አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው ወዳጁን ለመጠየቅ 35 ኪሎ ሜትር መሄድ የማይችልበትን ሀገር፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ «ነፃ አወጣሁት» ወይም «አረጋጋሁት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺን ልጅ ሄዶ ያነጋግራት እላለሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወዳጄ ሰዓቱን ያይ ጀመር። ድሮ አንድ የጎጃም ሰው እንግዳው ፊት ሰዓት ቢያይ ነውር ነበር። ባለቤቱ የቆሎ ቋጠሮ ሰጠችኝ። ልጅቱ ደጃፍ ድረስ ወጣች። «እኔንም አንድ ቀን ሰከላ ትወስዱኛላችሁ?» አለች። አባቷ እኔን አየኝ፤ እኔም አባቷን። «እንሄዳለን» አልናት ሁለታችንም በአንድ ላይ። በዕድሜዬ ብዙ ቃል ገብቻለሁ፤ እንደዚህኛው የከበደኝ የለም።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ «ዛሬ እስከ መሸንቲ አትሸኘኝም መቼም» አልሁት፤ ልቀልድ ብዬ ነበር። አልመለሰልኝም። መኪናው ሲነሣ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ሆኖ በእግሩ ተከተለኝ። ከከተማው ጫፍ፣ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቢመጣ «ወዴት ነህ?» ይባላል። እጁን አነሣ። እኔም ከመስኮቱ አነሣሁ። ባሕር ዛፉ እስኪጋርደው ድረስ እዚያው እንደ ቆመ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ አዲስ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በዚያ ቀን ያስታወስነውን ጻፍሁ፤ ቲሊሊ ከማን ጋር እንዳደርን ገና አልተስማማንም። በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፤ አንድ ነገር ባስታወሰ ቁጥር እጽፋለሁ። የልጅቱን ጥያቄ የጻፍሁት በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ዕቅዳችን በነበረበት ቦታ። መልሱን ከሥሩ ለመጻፍ ባዶ መስመር ትቻለሁ።

እናንተም ያልደወላችሁለት ሰው ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ደውሉ። ስልክ ላይ ምን እንደሚባል ባታውቁ ግድ የለም፤ መደወሉ ራሱ ይበቃል።

ቸር ያገናኘን።